የመምህሩ ዘፈንና የወንድሜ መዝሙር

መምህር ጉልላት ከዓሣ ቤቴ ከቀረ አሥራ ስድስት ቀን ሞላው። ባለፈው ሳምንት ያቆምኩት እዚያ ላይ ነበር። ያመለጣችሁ እንዳትደናገሩ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ያነበባችሁ ደግሞ ትንሽ ታገሡኝ፣ ቶሎ እደርሳለሁ።

ዘመኑ 1996 ነው፣ ወሩ ጥር። እኔ ብዙአየሁ እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ሐይቅ ዳር፣ ጀልባዎቹ ጠዋት ጠዋት ዓሣ ከሚያራግፉበት ከፍ ብሎ፣ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ቤት አለችኝ። ዓሣ እጠብሳለሁ፣ ሾርባ እሠራለሁ። ጉልላት ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነው። የጎንደር ሰው፣ የቄስ ልጅ፣ አርባ ሁለት ዓመቱ፣ ሚስት የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ያዛል፣ ይበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ ወይዘሮ ብዙአየሁ» ይላል፣ ይሄዳል። ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾም ሻይ ብቻ ጠጥቶ ይሄዳል። እስቲ ዓሣ ቤት መጥቶ ሻይ የሚጠጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የጻፈውን ዘፈን ግን ሐዋሳ ውስጥ የማያውቀው የለም። ከመስቀል በኋላ በባህል አዳራሹ «ቀሪው ተሳፋሪ» የሚባል ሙዚቃዊ ቴአትር መታየት ጀመረ። መጨረሻው ላይ ሠላሳ ሰው ባንድ ላይ የሚዘፍነው ዘፈን አለ። ግጥሙን የጻፈው ጉልላት ነው።

«ጠጋ በሉ ጠጋ፣ ቦታ አለ ለአንድ ሰው፤
ቆሞ የቀረውን፣ ማዶ እናድርሰው።»

ወር ሳይሞላው ዘፈኑ ከአዳራሹ ወጥቶ ከተማው ውስጥ ተበተነ። ሁሉም የየራሱን ግጥም ሰካበት። የጋሪ ነጂዎቹ እንዲህ አሉ፦

«ጠጋ በሉ ጠጋ፣ ቦታ አለ ከኋላ፤
ፈረሱ ከደከመ፣ ሁሉም ይወርዳላ!»

የራሱ ተማሪዎች ደግሞ ፈተና ሊፈትናቸው ሲገባ ጠብቀው፦

«ጠጋ በሉ ጠጋ፣ ዴስኩ ለአምስት ነው፤
ያላጠናውንም፣ እኛ እናስኮርጀው።»

የኳስ ተመልካቹ የራሱ አለው። የቀበሌ መታወቂያ ሰልፈኛው የራሱ አለው። እኔ ዋናውን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የወንጌል አማኝ ነኝ፤ በእኛ ቤት ዘፈን አይዘፈንም፣ ቴአትር አይታይም። የማውቀው ቀልዱን ብቻ ስለሆነ፣ ዘፈኑም ከመነሻው ለሳቅ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ዓሣ ስንፍቅ ሙሉመቤት ነካካችኝ። አብራኝ የምትሠራ ናት፣ ምላሷ ከቢላዋዋ ይስላል።

«ብዙዬ፣ ለመምህርሽ አንድ አውጪለት እንጂ!»

አፌ አያርፍም፤ ቢላዋዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወረወርኩላት፦

«ጠጋ በሉ ጠጋ፣ መምህሩ ይቀመጥ፤
ዓሣው አልቆ እንኳ፣ ዓይኑ ነው 'ሚያላምጥ።»

እኔ ግጥሙን አወጣሁ እንጂ አልዘፈንኩትም። ይህ ልብ ይባልልኝ። የዘፈነችው ሙሉመቤት ናት። እሷ ዘፈነች፣ ዓሣ ፋቂዎቹ ተቀበሏት፣ ጀልባ ነጂዎቹ ሰሙ፤ በሳምንቱ ተማሪዎቹ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ጠበቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ።

«ተቀይሞ ነው» እላታለሁ ሙሉመቤትን።

«ይቀየማ! ለአንቺ ምንሽ ነው?»

«ደንበኛዬ ነው።»

«እህ! ደንበኛ ሲቀር እንዲህ ይኮናል? ትናንት ያን ሰውዬ ሾርባውን ሁለት ጊዜ ጨው አደረግሽበት እኮ። ምስኪን፣ አፍሮ ጠጣው።»

ሰባት ሰዓት ሲሆን መስኮቱ አጠገብ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥ ጨርቅ የለበሰ ትሪ አስቀምጥበት ጀመር። ሰዉን የማስቀው በቀልዴ ነበር። አሁን ያንኑ ቀልዴን ሌላ ሰው ሲዘፍነው ስሰማ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞራለሁ።

*

ማክሰኞ ዕለት ጀልባ ነጂው ሙክታር ደብዳቤ አመጣልኝ። ሙክታር የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ ሐይቁን ከቤቱ ወለል ይልቅ ያውቀዋል።

«ከመምህሩ ነው» አለኝ። «ጫማው እስኪርስ ውኃው ዳር ቆሞ ነው የሰጠኝ። ላንብብልሽ?»

«የራሴን ደብዳቤ ራሴ አነባለሁ።»

«እስከ ፋሲካ ትጨርሺዋለሽ?»

«ለአንተ ምን ቸገረህ? አንተ የምትጠብቀው ዒድን ነው።»

ሳቀ፣ ግን አልሄደም። እኔም አልከፈትኩትም። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። የታተመ ፊደል ቀስ ብዬ እለቅማለሁ፤ የእጅ ጽሕፈት ሲሆን ግን እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ያታግለኛል። ሙሉመቤት እስከ ስምንተኛ ተምራለች፤ «ስጪኝ፣ በአምስት ደቂቃ ልጨርስልሽ» ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። የእኔ ስም የተጻፈበት ነገር በሰው አፍ ቀድሞ እንዲገባ አልፈለግኩም። ማክሰኞ ጀምሬ፣ በሥራ መሐል እየሰረቅኩ፣ ዓርብ ከሰዓት ጨረስኩት። እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩ ወይዘሮ ብዙአየሁ። እንደምን ሰነበቱ? የሚከተለውን ‹እርስዎ› እያልኩ ልጽፍ ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አንቺ ልበልሽ፤ ካጠፋሁ ወረቀቱን ዓሣ ጠቅልይበት።

«ስለ እኔ የወጣውን ግጥም ሰምቻለሁ። የቀረሁት ተቀይሜ አይደለም። እውነት ስለሆነ አፍሬ ነው። ደግሞ ሌላም እውነት ልንገርሽ። እኔ ደገኛ ነኝ፣ ዓሣ አልወድም። ሁለት ዓመት የበላሁት ሌላ የምመጣበት ምክንያት ስላልነበረኝ ነው።

«ሰዎች ያንን ዘፈን ለማን ጻፍከው ይሉኛል። ለራሴ ነው። ቆሞ የቀረው እኔ ነኝ።

«እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ቴአትሩ የሚታይበት የመጨረሻ ቀን ነው። ዘፈኑ ሲዘፈን ጀልባው ላይ አንድ ቦታ ባዶ ይተዋል። ሁልጊዜ ከተመልካቹ መሐል አንድ ሰው ተነሥቶ ወጥቶ ይቀመጥበታል፤ የቴአትሩ ልማድ ነው። እሑድ አንቺ ከተቀመጥሽበት መልስሽን አውቃለሁ። ካልመጣሽም አውቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ አላስቸግርሽም። በአፌ መጠየቅ አልሆነልኝም። ጉልላት።»

«ዓሣ አልወድም» የምትለው ላይ ስደርስ ያነበብኩትን አላመንኩም፤ ጣቴን አስቀምጬ ደገምኳት። ሁለት ዓመት! የማይወደውን ነገር አጥንቱን ሳይቀር እየለቀመ፣ «ግሩም ነው» እያለ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሽንኩርት ሳልልጥ ዓይኔ አቃጠለኝ። ደብዳቤውን አጥፌ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት፤ እስኪመሽ ድረስ እዚያ ቦታ ላይ ሞቀኝ።

*

ቅዳሜ ወንድሜ ማቴዎስ ከሐዋሳ ወጣ ብላ ካለችው ከቱላ መጣ። አባታችን ሲሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገኝ እሱ፣ የዳረኝ እሱ፣ ባሌ ሲሞት እንባዬን የጠረገልኝ እሱ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው፤ በጸሎት ቤታቸው ደግሞ ሽማግሌ። እሱ አንዴ ‹አይሆንም› ካለ ዶማ አይነቅለውም። እኔም በዚህ የእሱ እህት ነኝ።

ያን ቀን ገና ከበሩ ሳይገባ ያንጎራጉራል። ዜማውን ስሰማ ቢላዋዬ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ጠጋ በሉ ጠጋ፣ ቦታ አለ ለአንድ ሰው፤
ቆሞ የቀረውን፣ ጌታ ጋ እናድርሰው።»

«ጋሼ! ይህን ከየት ሰማኸው?»

«ከየት ሰማኸው ትያለሽ እንዴ? የእኛ መዝሙር ነው። መዘምራኖቻችን በጸሎት የተቀበሉት።» ተቀምጦ አስረዳኝ። እነሱ ዘንድ ይህ መዝሙር ሲጀመር ምዕመኑ በሙሉ ይነሣል። ልቡ ውስጥ ሸክም ያለበት ሰው እየዘመረ ወደ ፊት ይወጣል፣ እጁን ይዘው ይጸልዩለታል። «ሦስት ወር ሆነው ከያዝነው። እንደ እሱ ልብ የሚነካ መዝሙር ሰምቼ አላውቅም» አለኝ። «ግን ምን እንዳናደደኝ ታውቂያለሽ? የጋሪ ነጂዎቹ ሰርቀው ቀልድ አደረጉት! አሁን ከመኪና ወርጄ የያዝኩት ጋሪ ነጂ ስለ ፈረሱ ይዘፍንበታል። ‹ልጄ፣ የተቀደሰ ነገር ነው፣ ተው› ብዬ ገሠጽኩት። ‹አባቴ፣ ይህ እኮ የቴአትር ዘፈን ነው› ብሎ ዓይኔ እያየ ዋሸኝ!»

ሙሉመቤት ዓሣውን ትታ በጓሮ በር ወጣች። ሳቋ ከውጭ ይሰማል። እኔ ጭሱን ሰበብ አድርጌ ሳልኩ። ልነግረው ነበር፣ እውነቴን ነው። ቀደመኝ እንጂ።

«ስለ አንድ መምህር ሰማሁ» አለ።

ጥብሱን ገለበጥኩ።

«የቄስ ልጅ ነው፣ ዘፈን ጸሐፊ ነው፣ የተማረ ነው አሉኝ። ከሦስቱ የትኛውን ነው የምትችይው?»

«ሦስቱንም።»

«የጻፈልሽን ወረቀት ለማንበብ ስንት ቀን ፈጀብሽ?»

ይህን የነገረችው ሙሉመቤት መሆን አለባት። በጓሮ በር በኩል ገላመጥኳት፤ ሳቋን አቆመች።

«ሦስት ቀን» አልኩት።

«ይኸውልሽ። እሱ በአንድ ቀን መጽሐፍ የሚጨርስ ሰው ነው። ዛሬ ነገርሽ ያስቀዋል። ዓመት ሲሞላ ያሳፍረዋል። የእኔ እህት ደግሞ የምታሳፍር ሴት አይደለችም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ተቆጥቼ አይደለም ብዙ። ፈርቼልሽ ነው።»

ራሴም ማታ ማታ የማስበው ይህንኑ ነበር። ግን እልኬ ከመልሴ ይቀድማል።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ እሄዳለሁ» አልኩት።

ብድግ አለ። በሲዳምኛ ተቆጣኝ፤ ልቡ ሲነካ አማርኛው ይጠፋበታል። በመጨረሻ በሁለቱም ቋንቋ እንድሰማው ደገመልኝ፦ «እግርሽ ከዚያ አዳራሽ ከገባ፣ ወንድም አለኝ አትበይ።»

ያቀረብኩለትን ሳይቀምስ ወጣ። ወንድሜ ቤቴ መጥቶ ጾሙን ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነው። ሳህኑን ለማንሣት እጄ እምቢ አለኝ፤ እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ ዓሣው ሲቀዘቅዝ አየሁት። ሁለቱንም ሰዎች ነው የምፈልገው። አንዱን ብቻ ምረጪ የሚል ሰው ሲመጣብኝ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም።

*

እሑድ ከጸሎት ቤት ወጥቼ ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ። እጄን ሦስት ጊዜ በሎሚ ታጠብኩ። ሙሉመቤት «እኔ በምላሴ አበላሽቻለሁና ልካስሽ» ብላ ተከተለችኝ። አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ገና መጋረጃው ሳይከፈት ከኋላ ያሉት ልጆች የጋሪውን ግጥም ይዘፍናሉ፣ ሰዉ ያጨበጭባል።

ቴአትሩን ሁሉ አልነግራችሁም። መጨረሻውን ልንገራችሁ። መድረኩ ላይ ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ጀልባ አለ። ሁለት ልጆች ሰማያዊ ጨርቅ ከፊቱ እያውለበለቡ ሐይቅ ያደርጉታል። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ነጋዴዎች ጆንያቸውን፣ ሰርገኞች ሙሽራቸውን። ጀልባው ይሞላል። ከዳር የቀረ አንድ ሰው አለ ይባላል። ማንም ቦታ ሊለቅለት አይፈልግም፤ አንዱ ለጆንያዬ ይላል፣ አንዷ ለቀሚሴ።

በዚህ ጊዜ ቀዛፊው ብቻውን ጀመረ። በቀስታ። ያለ ሙዚቃ።

ያ ዘፈን እንደዚያ ቀስ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በሩጫ፣ በጭብጨባ፣ በሳቅ ነው የሰማሁት። ቀዛፊው ሁለተኛዋን ስንኝ ሲጨርስ አንዲት አሮጊት ጆንያዋን ወደ ጭኗ ስባ ተቀበለችው። ከዚያ አንድ ዓሣ አጥማጅ። ከዚያ ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ። አንድ በአንድ፣ የሚጠጋው ሰው ሁሉ እየተቀበለ፣ ሠላሳ ሰው ሲሞላ ጣሪያው የሚነሣ መሰለኝ። መሐላቸው አንድ ሰው የምታስቀምጥ ክፍት ቦታ ተገኘች። ከኋላዬ ያሉት ልጆች ጭጭ አሉ። ‹ይህን ነው የቀለድኩበት?› አልኩ በልቤ። ቆሞ የቀረው እኔ ነኝ ያለው ሰውዬ ላይ ነው ዓይኑ ያላምጣል ያልኩት?

ሙሉመቤት በክርኗ ጎሸመችኝ። «ተነሺ እንጂ!»

ልነሣ ስል በሩ ተከፈተ። ማቴዎስ ነው።

ጥቁር ሱፉን ለብሷል፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዟል፤ ከቱላ በቀጥታ ከጸሎት ነው የመጣው። ሊያወጣኝ ነው። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስለገባ ዓይኑን አጥብቦ ይፈልገኛል። ዘፈኑ በዚያው ቅጽበት እንደ አዲስ ከፍ አለ። ሠላሳ ሰው፦ «ጠጋ በሉ ጠጋ...»

ወንድሜ ቆመ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ባርኔጣውን አወለቀ። መጀመሪያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ድምፁ ወጣ፤ ማቴዎስ ድምፅ አለው፣ በጸሎት ቤታቸው ማይክራፎን አይሰጡትም። «ቆሞ የቀረውን፣ ጌታ ጋ እናድርሰው!» እያለ በመተላለፊያው ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ዓይኑን ጨፍኗል። እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል።

ሸክም ያለበት ሰው ወደ ፊት ይወጣል ብሎኝ አልነበር? የወንድሜ ሸክም ማን እንደሆነ ገባኝ። እኔ ነኝ።

ተዋንያኑ ደግሞ ምን ያውቃሉ? ከተመልካቹ የሚወጣውን ሰው ነው የሚጠብቁት። ይኸው መጣ፣ ያውም እየዘፈነ! ቀዛፊው እጁን ዘረጋለት። ማቴዎስ ሊጸልዩልኝ ነው ብሎ እጁን ሰጠ። ጎትተው አወጡት፣ ትከሻውን ይዘው ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጡት። በአንድ በኩል ሙሽራዋ፣ በሌላ በኩል መረብ የተሸከመ ዓሣ አጥማጅ። ልቀመጥበት የመጣሁት ቦታ ላይ ወንድሜ ጉብ አለ።

ኋላ ስጠይቀው፣ «እግሬ ነው የወሰደኝ» ብቻ ነው ያለኝ።

ዘፈኑ አለቀ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማቴዎስ ዓይኑን ገለጠ። ሙሽራዋን አየ። ሰማያዊውን ጨርቅ አየ። ስድስት መቶ ሰው አየ። ጭብጨባው በየጥጉ እየከሰመ ሄደ፤ ፊቱን ያየ ሰው ማጨብጨብ አልቻለም።

ጉልላት ከመጋረጃው ጥግ ብቅ አለ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ቀለሙም እንደ ሸሚዙ ነው። የማያውቀው ሽማግሌ መጽሐፍ ቅዱስ አቅፎ የእኔ ቦታ ላይ ተቀምጧል።

«ይህን መዝሙር» አለ ማቴዎስ፣ «ማን ነው የሰጣችሁ?»

ሁሉም ወደ ጉልላት ዞረ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አባቴ» አለ ጉልላት።

«አንተ? መዘምራኖቻችን ግን በጸሎት ተቀበልነው ነው ያሉኝ።»

ሰዉ ሊስቅ ነበር። ጉልላት ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ፣ «እኔም ስጽፈው እየጸለይኩ ነበር» አለው።

ማቴዎስ መጽሐፍ ቅዱሱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ቁጣውን ጠበቅኩ። ያን ቀን አልነበረም።

«ሦስት ወር አልቅሼበታለሁ» አለ በመጨረሻ። «መዝሙሩ ልክ ነው። ቦታው ነው ያልሆነው።»

አሁን አዳራሹ ሳቀ፤ ማቴዎስም ራሱ ከጺሙ ሥር ትንሽ ፈገግ አለ። እኔ ተነሥቼ መድረኩ ሥር ደርሻለሁ።

«መምህር ጉልላት!» አልኩ።

ሲያየኝ እጁ የሚገባበት አጣ።

«መጥቼ ነበር። ቦታውን ግን ወንድሜ ይዞታል።»

«ወንድምሽ?» አለ። አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። «እኚህ ወንድምሽ ናቸው?»

«አዎ። ስለዚህ ና ውረድ። እኔ ስድስት መቶ ሰው ፊት አልመልስም። ትኬት የተቆረጠው ለቴአትሩ ነው፣ ለእኔ አይደለም።»

ከኋላ ልጆቹ አፏጩ። ጉልላት በደረጃው መውረዱን ትቶ ከመድረኩ ዘለለ፤ በጉልበቱ ወድቆ ተነሣ። እንደዚያ የሚዋደቅ ሰው አፍሬበት መሳቅ ሲገባኝ፣ አቧራውን ላራግፍለት እጄ በላኝ።

*

ሦስታችን ከአዳራሹ ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ቆምን። ሙሉመቤት አራት ሜትር ራቅ ብላ ጫማዋን የምታጠብቅ መሰለች፤ ግማሽ ሰዓት አጠበቀችው።

ማቴዎስ ጀመረ። «ትጠጣለህ?»

«ለበዓል ጠላ። ሁለት ብርጭቆ።»

«እውነቱን ነው» አልኩ።

«አንቺን አልጠየቅኩም። ሃይማኖትህን ትለውጣለህ?»

«አልለውጥም።»

«አንቺስ?»

«አልለውጥም» አልኩ።

«ታዲያ እሑድ እሑድ ምን ልትሆኑ ነው?»

ጉልላት አሰበበት። «እኔ ገብርኤል ማልጄ ሄጄ እመለሳለሁ። ከዚያ እሷን እስከ ጸሎት ቤቷ በር አደርሳታለሁ። ሲያልቅ በሩ ላይ እጠብቃታለሁ።»

«ዝናብ ቢሆንስ?»

«ጥላ እይዛለሁ።»

ማቴዎስ ይህን አልጠበቀም። ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። ከዚያ ትናንት እኔን ያስለቀሰኝን ነገር አነሣ፤ የወንድሜን ሐቀኝነት ለዚህ ነው የምወደው፣ የሚፈራውን አይደብቅም። «እህቴ ፊደል የቆጠረችው ጥቂት ነው። ደብዳቤህን ለማንበብ ሦስት ቀን ፈጅቶባታል። ይህን እወቅ።»

መሬት መሬት አየሁ። እኔ፣ ብዙአየሁ፣ ለማንም አንገቴን ደፍቼ የማላውቀው።

«እኔ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ ጉልላት። «ከእኔ እሷ ትፈጥናለች።»

ማቴዎስ ዞር ብሎ በመሐረብ ፊቱን ጠራረገ። ሲመለስ ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆኗል።

«ሽማግሌ ላክ። ወደ እኔ፣ ቱላ። ሐሙስ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ አትበሉም፤ እኔ ደግሞ ቤቴ መጥቶ ሳይበላ የሚሄድ ሽማግሌ አልፈልግም። በግ አርዳለሁ።»

የወንድሜን ነገር ላላወቀ ይህ የምሳ ቀጠሮ ነው። እኔ ግን ዋርካውን ያዝ አደረግኩት። የእነሱን ጾም ቆጥሮ ቀን መረጠላቸው እኮ!

«ጋሼ...» አልኩ።

«ተይኝ። ትናንት ሳልበላ ሄጄ ሌሊቱን ሙሉ ራበኝ» አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። ሄዶ ሄዶ ቆመ፤ ዞሮ ጉልላትን ተጣራ። «አንተ! ያ መዝሙር ሌላ ስንኝ አለው? የእኛ ልጆች ሁለቱን ብቻ ነው የሚያውቁት።»

«ስድስት አለው፣ አባቴ።»

«ሐሙስ ጽፈህ አምጣልኝ። ማዶ የሚለውን እኛ እናስተካክለዋለን።»

ብቻችንን ቀረን፤ ሙሉመቤትን ካልቆጠርናት። ጉልላት የሸሚዙን እጅጌ ይጎትታል። ክፍል ውስጥ ሰማንያ ተማሪ ጸጥ የሚያሰኝ ሰው ነው አሉ።

«አንቺ ግን መልስሽን አልነገርሽኝም» አለ።

«ምን ጠየቅከኝና? ወረቀት ጻፍክ፣ ዘፈን ጻፍክ፣ ጀልባ ሠራህ። በአፍህ ያልከኝ ነገር የለም።»

እጅጌውን ለቀቀው። «ብዙአየሁ...» አለ። ያለ ወይዘሮ ስሜን ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነው። «አብረሽኝ ትኖሪያለሽ? ሰባት ሰዓት ላይ መጥቼ ሰባት ተኩል ላይ መሄድ መረረኝ።»

ግጥም አልነበረበትም፤ ቤት አይመታም። ከስድስቱም ስንኝ እሱ በለጠብኝ።

«ዓሣ ባይሆንም?»

«ሽሮ ይሁን። ምንም ይሁን።»

«ሐሙስ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትሰማለህ» አልኩት።

«እስከ ሐሙስ? አራት ቀን እኮ ነው!»

«አንተ ሁለት ዓመት ዝም አላልክም?»

እንደ ልጅ ከልቡ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ መሐል ክፍተት እንዳለው ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ቤቴ ሁልጊዜ አፉን ዘግቶ ነበር የሚያላምጠው። እስከ መንገዱ ሸኘኝና፣ ከመድረኩ ሲዘል የተቀደደውን ሱሪውን በእጁ ሸፍኖ ተመለሰ።

መልሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሙሉመቤትም ታውቀዋለች፤ ሙክታርም ከጀልባው ላይ ሆኖ ገምቶታል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ለምነውኝ አልነገርኳቸውም። አራት ቀን ሙሉ ያችን አንዲት ቃል እንደ ከረሜላ በጉንጬ ይዤ፣ ዓሣዬን እየጠበስኩ፣ ለማንም ሳላካፍል ብቻዬን ቀመስኳት። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።